በአሮጌ የቤት ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ፦ አከራይዎ በሕግ ምን ኃላፊነት አለበት?

የእርሳስ መመረዝ የምንለው በእንግሊዝኛ ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት በብናኝ፣ በምግብ ወይም በውኃ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ሲጠራቀም የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ስሙ ብዙ ወላጆችን ያደናግራል። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ስለሆነ፣ ልጅዎ የእርሳሱን ጫፍ ቢነክስ በዚህ ብረት አይመረዝም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በዋናነት የሚመርዘው በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ፣ መስኮትና በር ላይ ያለው ቀለም ነው።

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ቤት ተከራይተው ልጅ ለሚያሳድጉ፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ እንዲሁም የራሳቸውን ቤት ወይም ቤዝመንት ለሚያከራዩ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ሐኪም ስለ ኪራይ ሕግ የሚጽፍበት ምክንያት አለው። በደሙ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በጣም ከፍ ላላለ ልጅ የምንሰጠው መድኃኒት የለም። ሕክምናው የመመረዙን ምንጭ ማስወገድ ነው፤ ምንጩ የተከራዩት ቤት ሲሆን ደግሞ ያንን ማድረግ የሚችለውና ብዙ ጊዜም በሕግ የሚገደደው የቤቱ ባለቤት ነው።

ቀለሙ ልጁን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ልጁ የቀለም ቅርፊት ሲበላ ካላየ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ያስባል። ዋናው መንገድ ግን ብናኝ ነው። አሮጌ የእንጨት መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለም የተቀቡት ክፍሎች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ በመስኮቱ ደፍና በወለሉ ላይ ያርፋል። የሚድህ ልጅ ወለሉን በእጁ ይነካል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ አሻንጉሊቱንም እንደዚሁ። ቤቱ ንጹሕ መስሎ እየታየ ልጁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እርሳስ ሊውጥ ይችላል።

ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያልፈው ድርሻ ከአዋቂ ሰው 4 እስከ 5 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ቆጥሮ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። አንዲት ሴት ልጅ ሳለች ያከማቸችው እርሳስ ከዓመታት በኋላ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ሕፃኑ ሊደርስ የሚችለውም ለዚህ ነው።

አብዛኞቹ የተመረዙ ልጆች ምንም ምልክት አያሳዩም። ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ ያድጋሉ። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ፣ በትምህርት፣ በትኩረትና በጠባይ ላይ ሲሆን አንዴ ከደረሰ አይመለስም። መጠኑ በጣም ሲጨምር የደም ማነስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀትና ማስታወክ፣ ከዚያም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ለልጆች አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን የለም።

የቤቱን ዕድሜ ይጠይቁ

አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ይህ ቤት የተሠራው መቼ ነው?» ይሁን። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ እንደሚገምተው ከ1940 በፊት ከተሠሩት ቤቶች 87 በመቶው፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶው፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 በመቶው የተወሰነ እርሳስ ያለበት ቀለም አላቸው። አከራዩ የግንባታውን ዓመት ካልነገረዎ በአብዛኛው ቦታ በከተማው ወይም በካውንቲው የንብረት ግብር መዝገብ ላይ በአድራሻው ፈልገው ያገኙታል።

«አዲስ ቀለም ቀብቼዋለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይደለም። አሮጌው ቀለም ከሥሩ አለ፤ መስኮትና በር ሲፋተጉ ወይም ግድግዳው ውኃ ሲያስገባ ተመልሶ ይወጣል። በሌላ በኩል፣ ያልተላጠና ያልተነካ አሮጌ ቀለም በራሱ የዕለት አደጋ አይደለም። አደጋው የሚመጣው ሲላጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲፋተግ ወይም በጥገና ሲፋቅ ነው።

የፌዴራል ሕጉ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

በ1992 የወጣው ሕግ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ወይም የሚሸጥ ሰው ገዢው ወይም ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት ሊፈጽማቸው የሚገቡ ግዴታዎችን ይደነግጋል። ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን ሁሉ ይገልጻል፤ በእጁ ያሉትን የምርመራ ሰነዶች ይሰጣል፤ መንግሥት ያዘጋጀውን ስለ እርሳስ የሚያስረዳ መጽሔት ያስረክባል፤ ከውሉ ጋር ማስጠንቀቂያ ያለበት ቅጽ አያይዞ ያስፈርማል፤ የተፈረመውንም ቅጽ ቢያንስ ለ3 ዓመት ያስቀምጣል። ቤት ገዢ ከሆኑ ደግሞ ቤቱን ለማስመርመር 10 ቀን ይሰጥዎታል። ውሉ በቃል የተደረገ ቢሆንም ይህ ግዴታ አይቀርም። አውቆ የጣሰ አከራይ ተከራዩ ለደረሰበት ጉዳት 3 እጥፍ ካሣ ሊከፍል ይችላል። ከሕጉ ውጭ የሆኑ ጥቂት ቤቶች አሉ፦ ከ100 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ የሚከራዩ፣ እርሳስ እንደሌለባቸው ፈቃድ ባለው መርማሪ የተረጋገጠላቸው፣ እንዲሁም ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የማይኖርባቸው ስቱዲዮዎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በዚያ ቅጽ ላይ አከራዩ ምልክት ከሚያደርግባቸው ሳጥኖች አንዱ «በቤቱ ውስጥ እርሳስ ስለመኖሩ የማውቀው ነገር የለም» የሚል ነው። ተከራዮች ይህንን «እርሳስ የለም» ብለው ያነቡታል። ትርጉሙ ግን «አላስመረመርኩም» ሊሆን ይችላል። የፌዴራል ሕጉ አከራዩ የሚያውቀውን እንዲናገር ያስገድደዋል እንጂ ቤቱን እንዲያስመረምር ወይም ቀለሙን እንዲያስወግድ አያስገድደውም። በእኔ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ ያላስመረመረ ባለቤት የሚናገረው ነገር የለውምና። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ቤቱ ተመርምሮ ያውቃል? ወረቀቱን ላየው እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

በመንግሥት ድጎማ የሚከራዩ ቤቶች፣ ለምሳሌ ሴክሽን 8 በሚባለው ፕሮግራም የተያዙት፣ ከዚህ የጠበቀ ደንብ አላቸው። ከ1978 በፊት በተሠራ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ የተላጠ ቀለም በፍተሻ ይታያል፣ ባለቤቱም በአግባቡ ሊጠግነው ይገደዳል።

ግዴታው ጠንከር የሚለው በከተማዎና በግዛትዎ ሕግ ነው

ከፌዴራሉ ሕግ በላይ የሚሄዱት የግዛትና የከተማ ሕጎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን ቦታዎች ላስቀድም።

በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ያለ ቀለም ሁሉ፣ አለመኖሩ በምርመራ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ እርሳስ እንዳለበት ይቆጠራል። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለበት ቤተሰብ ሊገባ ሲል ባለቤቱ ቤቱ ከእርሳስ አደጋ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ፣ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተሰጠ የምርመራ ወረቀት ማቅረብ አለበት። ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ከሆነ ደግሞ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር መኖሩን በጽሑፍ ካሳወቁት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። አዘውትሮ የሚመጣ ልጅም ይቆጠራል፤ የልጅ ልጅ የሚጠብቁ አያቶች ይህን ልብ ይበሉ። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ዲኦኢኢ፣ አቤቱታ ይቀበላል። ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ መሠረት የዲሲ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ ስልክ ሲደውሉ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል።

በሜሪላንድ፣ ማለትም በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በባልቲሞርና በሌሎችም ከተሞች፣ ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት ባለቤት ቤቱን በግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ማስመዝገብና አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት አስመርምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ሲገቡ የዚህን ወረቀት ቅጂ፣ የተከራይ መብት መግለጫውንና መጽሔቱን ሊሰጥዎ ይገባል። የማያስመዘግብ አከራይ ራሱን ይጎዳል፤ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ የምዝገባና የምስክር ወረቀት ነገር ይጠየቃልና። ቀለም ከተላጠ በግዛቱ ቅጽ የጉድለት ማስታወቂያ ይላካል፤ አከራዩ ከደረሰው በኋላ አደጋውን ለማስወገድ 30 ቀን አለው።

በኒው ዮርክ ከተማ ከ1960 በፊት በተሠራ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚኖር ወይም በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ባለቤቱ በየዓመቱ ቤቱን መፈተሽና የእርሳስ አደጋውን መጠገን አለበት። በጥር ወር መጀመሪያ ላይ ልጅ እንዳለዎ የሚጠይቅ ወረቀት ይላክልዎታል፤ ሳይመልሱ አይጣሉት። ካልጠገነ 311 ይደውሉ። በማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ አደጋውን ማስወገድ ወይም መቆጣጠር የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድነውም።

በሌላ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ የካውንቲዎ ጤና ቢሮ የአካባቢዎን ደንብ ይነግርዎታል።

በቃል መናገር ለምን አይበቃም?

ብዙ ቤተሰቦች ስለ ተላጠው ቀለም ለአከራያቸው ደጋግመው ተናግረዋል። በስልክ፣ በር ላይ ሲገናኙ፣ ኪራይ ሲከፍሉ። ከላይ ያነበቧቸው 30 ቀኖች ግን መቆጠር የሚጀምሩት አከራዩ በጽሑፍ ሲደርሰው ነው። በኋላ ክርክር ቢነሳም የሚታየው ወረቀቱ ነው።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ቀኑን፣ የቤቱን ሙሉ አድራሻና የአፓርታማውን ቁጥር፣ ቀለሙ የተላጠባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ልጅ ዕድሜ ወይም ነፍሰ ጡር መኖሯን ይጻፉ፤ እንዲጠገንና የምርመራ ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል፤ ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ የሚረዳዎ ሰው ይፈልጉ፣ የቃላቱ ማማር ግን አያስጨንቅዎ። በአደራ ፖስታ ይላኩት፣ ደረሰኙንና ቅጂውን ያስቀምጡ፣ የተላጠውን ቦታ ፎቶ ያንሱ። የኪራይ ውልዎንና የልጅዎን የደም ውጤት ከእነዚህ ጋር አንድ ቦታ ያኑሩ።

ይሉኝታ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ አከራዩ የአገር ልጅ ሲሆን፣ ሥራ ባልነበረበት ጊዜ ኪራይ የታገሠ ሰው ሲሆን። ስሜቱ ይገባኛል። ደብዳቤው ግን ክስ አይደለም። በጨዋ ቃል የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ አከራዩም ብዙ ጊዜ ግዴታ እንዳለበት የሚያውቀው ያኔ ነው። አስቀድመው ደውለው «ደብዳቤ ልልክልዎ ነው፣ ለልጁ ጤና ብዬ ነው» ቢሉ ነገሩ ይለዝባል።

ሌላው ፍርሃት ከቤት መባረር ነው። ዲሲና ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ቦታ ስለ እርሳስ አቤቱታ ያቀረበን ተከራይ ለመበቀል ማስወጣት ወይም ኪራይ መጨመር የተከለከለ ነው። እነዚህ ሕጎች የተከራዩን የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት መስፈርት አያደርጉም። ልጅ አለዎት ብሎ ቤት መከልከልም በፌዴራል ሕግ በአብዛኞቹ የኪራይ ቤቶች ክልክል ነው፤ «ለልጅ ስለማይሆን አላከራይም» የሚል ባለቤት ለልጁ ያዘነ ይመስላል፣ ሥራው ግን ቤቱን ማስተካከል ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ በራስዎ ውሳኔ ኪራይ መክፈል አያቁሙ። ባለመክፈል ሊያስወጡዎ ይችላሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እያስቀመጡ አከራዩ እስኪጠግን መጠበቅ የሚቻልበት ሥርዓት አለ። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት የነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችን ያማክሩ። ልጅዎ ተመርዞ ከሆነ ስለ ካሣ ጠበቃ ማነጋገር አይዘግዩ።

አከራዩ እርስዎ ከሆኑ

አሮጌ ቤት ገዝቶ ፎቁን ራሱ የሚኖርበት፣ ቤዝመንቱን ለአንድ ቤተሰብ የሚያከራይ ወገን ብዙ ነው። ያከራዩት ለዘመድ ቢሆንም፣ ውል ባይጻፍም፣ በሕግ ፊት አከራይ ነዎት። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የቅጹና የመጽሔቱ ግዴታ፣ በሜሪላንድ የምዝገባው፣ በዲሲ የምርመራው ግዴታ እርስዎንም ይመለከታል። ሲገዙ የተሰጠዎትን የእርሳስ ምርመራ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ከሆነ አውጥተው ለተከራይዎ ይስጡ፤ እያወቁ መደበቅ ካለማወቅ የከፋ ተጠያቂነት ያመጣል። አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች አደጋውን ለማስወገድ ለባለቤቶች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የጤና ቢሮውን ይጠይቁ።

ጥገናውን ማን ይሠራዋል?

ሳይታወቅ የሚደርሰው ትልቅ ጉዳት ጥገና ላይ ነው። በርካሽ የሚሠራ ሰው መጥቶ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን ሲፍቀው፣ ለዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረው ቀለም በአንድ ቀን ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኢፒኤ ደንብ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ ቀለም የሚነካ፣ ከውጭ ከ20 ስኩዌር ፊት በላይ የሚነካ ወይም መስኮት የሚለውጥ ሰው በደህና አሠራር የሠለጠነና የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት መሆን አለበት። 6 ስኩዌር ፊት ከአንድ ሜትር ካሬ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ይህ ደንብ የሚያከራየውን ቤት በራሱ እጅ የሚጠግን ባለቤትንም ያካትታል። ሠራተኞች ሲመጡ የምስክር ወረቀታቸውን መጠየቅ መብትዎ ነው። ፍቆ መጨረስ ቀርቶ ከጀመሩ በኋላም ቢሆን በፕላስቲክ ሳይሸፍኑ የሚሠሩ ከሆነ ልጁንና ነፍሰ ጡሯን ይዘው ከቤት ይውጡ፣ ለአካባቢው መሥሪያ ቤትም ይደውሉ።

አከራዩ እስኪጠግን ድረስ ቀለሙን ራስዎ አይፋቁ። የልጁን አልጋ ከመስኮት ያርቁ። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ፣ ጨርቁን ይጣሉት። ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት የልጁን እጅ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጫማ በር ላይ ይውለቅ። አይረንና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ማለትም ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ሰውነት የሚቀበለውን እርሳስ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ጊዜያዊ መከላከያ ነው፤ አከራዩን ከግዴታው አያወጣውም።

የደም ምርመራና ውጤቱ

ሜዲኬይድ ያላቸው ልጆች በ12 እና በ24 ወር ዕድሜያቸው መመርመር አለባቸው፤ በሜሪላንድ ልጆች ሁሉ በ1 እና በ2 ዓመታቸው፣ በዲሲም ከ6 እስከ 14 እና ከ22 እስከ 26 ወር ባለው ጊዜ ይመረመራሉ። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት። እርጉዝ ከሆኑና ቤቱ አሮጌ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ሲዲሲ ከፍ ያለ ነው የሚለው በዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ከቆዳ ላይ ባለ ብናኝ ሊሳሳት ስለሚችል ከፍ ካለ ከክንድ ደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጣል። ውጤቱ ለጤና ቢሮ ይላካል፤ ከቢሮው ሰው መጥቶ ቤቱን ሊመረምር ይችላል፣ ያ የምርመራ ዘገባም በአከራዩ ላይ ካለዎት ማስረጃ ሁሉ የሚጠነክር ይሆናል። የመጣው ሰው ስለ ኩል፣ ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ቦታ ስለመጣ ቅመም፣ ስለ ሸክላ ዕቃ፣ ስለ አባትየው ሥራ ይጠይቅዎታል። እነዚህም የእርሳስ ምንጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ እውነቱን ይናገሩ፤ ኩል ተጠቅመናል በማለትዎ የተላጠው ቀለም የመጠገን ግዴታ አይቀርም።

ከክንድ በተወሰደው ደም የተረጋገጠው ውጤት ከ3.5 እስከ 9 ከሆነ ምርመራው ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀጠሮው ይቀርባል። 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ልጅዎ ከታከመ በኋላ ወደማይመረዝበት ቤት መመለስ ስላለበት የቤቱ ሁኔታ ምን ላይ እንደደረሰ ለሐኪሙ ይንገሩ። የብሔራዊ የእርሳስ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-424-5323 ነው።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ መረጃ የተዘጋጀ ሲሆን የሐኪምን ወይም የጠበቃን ምክር አይተካም።